ያለጊዜዋ የተወለደች ልጄ ችፌ ወጣባት፤ ቀድማ በመምጣቷ ነው ይሉኛል

የጠባሴዋ እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጄ የተወለደችው ግንቦት ላይ በ31 ሳምንቷ ነው። ደም ግፊት ተነስቶብኝ ሐኪሞቹ "ከዚህ በላይ መጠበቅ ለሁለታችሁም አያዋጣም" ብለው በኦፕራሲዮን አወጧት። አንድ ኪሎ ተኩል አትሞላም ነበር። መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ ቆየች። ከዚያ እኔና አባቷ እየተቀያየርን ደረታችን ላይ አስረናት ክረምቱን ገፋነው። ዛሬ ብታዩዋት አታምኑም። ትስቃለች፣ ትገለበጣለች፣ አባቷ በር ሲከፍት ድምፁን ለይታ አንገቷን ታዞራለች።

ችግሩ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ውርጩ እንደጀመረ ጉንጮቿ ሻከሩ። ከዚያ ሽፍ አለባት። ከዚያ ውሃ እያዘለ መላጥ ጀመረ። አሁን ክንዶቿ ላይ በውጪ በኩል፣ ቅልጥሞቿ ላይና ጆሮዋ ሥርም አለ። ሌሊት ፊቷን ትራሱ ላይ ትፈትገዋለች። ጠዋት ሳነሳት ጨርቁ ላይ የደም ነጠብጣብ አያለሁ። ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ሽፍታ የለበትም። ይሄ ገርሞኛል።

ጤና ጣቢያ ስወስዳት "ችፌ ነው፤ የቆዳ አስም የሚባለው" ተባልኩ። ቅባትም ተጻፈልኝ። እስከዚህ ደህና።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ለልጄ ሟች ናቸው። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷን ያሳዩና "ምን ታድርግ፣ ቆዳዋ ሳይበስል ወጥታ እኮ ነው" ይላሉ። ለክፋት ብለው አይደለም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቀድማ የወጣችው በኔ ደም ግፊት ነዋ። ታዲያ ችፌውም በኔ ነው ማለት ነው? ባለፈው ቡና ላይ ደግሞ አንዷ ጎረቤት "የሰባት ወር ልጅ ዕድሜ ልኳን ቆዳዋ አይጠናም" ብላ ጨረሰችልኝ።

እውነት ያለጊዜ መወለድ ችፌ ያመጣል? ዕድሜ ልኳንስ ይከተላታል? ደግሞ አማቴ ለጋ ቅቤ ከገጠር አስመጥተው አስቀምጠዋል። ልቀባት ወይስ ይቅርብኝ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦

አይዞሽ እናት። የኔ ልጅ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ፣ ደልቦ ነው የተወለደው። ችፌው ግን ፊቱን አላስተረፈለትም ነበር። ስለዚህ የወሩን ነገር ተይው። እኔ የምመክርሽ ለትንሽ ጊዜ ወደ ቆላ ይዘሻት ውረጂ ነው። እዚህ እኛ ጋ ሙቀት ነው፤ ቆዳዋ ወዲያው ይለሰልሳል።

የደብረ ሲናዋ ሲስተር፦

እህቴ፣ ቅቤው ይቆየን። መጀመሪያ ስለሚያንገበግብሽ ነገር ላውራ። ያለጊዜዋ መወለዷ ችፌ አላመጣባትም።

ነርስ ነኝ። ረጅም ጊዜ የሠራሁት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ቀድመው የሚመጡትን ልጆች ቆዳ በእጄ አውቀዋለሁ። በ28 ሳምንት የመጣ ልጅ ደም ሥሩ ከላይ ይቆጠራል። ፕላስተር ስትነቅይለት ካልተጠነቀቅሽ ቆዳው አብሮ ይነሳል። ስለዚህ አማትሽ ከሜዳ ተነስተው አይደለም የተናገሩት። ቆዳዋ ስስ ሆኖ የመጣች ልጅ ኋላ ቆዳዋን ብትታመም ማንም ሁለቱን ያገናኛል።

ጥናቱ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን በመዝገብ ተከታትለው አይተዋል። ከባድ ችፌ ቀድመው በተወለዱት ላይ በዝቶ አልተገኘም፤ እንዲያውም ያነሰ ነበር። ዴንማርክም ተመሳሳይ ውጤት አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ቀድመው የተወለዱትን ብቻ ለይተው ሲያዩ፣ ይበልጥ ቀድመው የመጡት ይበልጥ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በጣም ቀድመው በመጡት ላይ ነው። 35 እና 36 ሳምንት የደረሱት ከሌላው ልጅ ብዙም አይለዩም። በሕክምናው አቆጣጠር ከ28 እስከ 32 ሳምንት ያለው "በጣም ያለጊዜው" ይባላል። ያንቺ ልጅ እዚያ ውስጥ ናት።

ይሄ ሲባል ቀድሞ የተወለደ ልጅን ችፌ አይነካውም ማለት አይደለም። ይነካዋል፤ ይኸው አንቺ ቤት አለ። ግን ዘጠኝ ወር ሞልታ ብትወለድም ሊወጣባት ይችል ነበር። ምናልባትም ብሶ።

ቆዳ ሆድ ውስጥ የሚጠነክረው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፤ እሱ እውነት ነው። ልጁ ቀድሞ ሲወጣ ግን ቆዳው ቁጭ ብሎ ዘጠነኛውን ወር አይጠብቅም። አየር ሲያገኘው መጠንከሩን ያፋጥነዋል። አብዛኞቹ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው የሚፈጀው፤ በጣም ትንንሾቹ ላይ ትንሽ ይረዝማል። ግንቦት ላይ የተወለደች ልጅ ሰኔ ሲያልቅ በስላለች። ችፌው የመጣው ኅዳር ነው። መሀል ላይ ክረምቱ በሙሉ አለ። ለአማትሽ ይሄን ቆጥረሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው ወር መቁጠር ያውቃሉ።

ለምን ያንስባቸዋል ለሚለው ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት አንዱ ማብራሪያ ይሄ ነው። የልጁ መከላከያ ገና ለጋ ሳለ ከአየሩም፣ ከወተቱም፣ ከሰው ቆዳም ጋር ቀድሞ ይተዋወቃል። በዚያ ዕድሜ የተዋወቀውን ነገር እንደ ጠላት አይቆጥረውም ይላሉ።

ቀድሞ መወለድ በእርግጥ የሚያከብደው ሳንባን ነው። ያው የኖርዌዩ ጥናት አስም ቀድመው በተወለዱት ላይ በዝቶ ነው ያገኘው። ቀድመው የመጡ ልጆች ጉንፋን ሲይዛቸው ደረታቸው ቶሎ ሲር ሲር ይላል። ስለዚህ መጨነቅሽ ካልቀረ እዚያ ላይ ተጨነቂ። ልጅቷ ባለችበት ክፍል ኩበትም ከሰልም አይጭስ። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል አግብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙማ፤ እሱ ለትልቅ ሰውም ሞት ነው። ክትባቷን በተወለደችበት ቀን ቆጥረሽ አስከትቢ እንጂ "ትንሽ ናት፣ ትደግ" ብለሽ አታዘግዪ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ከናንተ ቤት ሳይነስ ያለበት ሰው አለ? አስምስ? ልጅ እያለ ክንዱ ወይም ጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ሲያክ የኖረ? ችፌ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በዘር የሚሄድ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ፊላግሪን ስለሚባል የጂን ለውጥ ብዙ ታነቢያለሽ፤ አውሮፓ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ኢትዮጵያውያን የችፌ ታካሚዎች ሲመረመሩ ግን እነዚያ አውሮፓ ላይ የተለመዱት ለውጦች አልተገኙባቸውም። ስለዚህ የጂን ምርመራ ፍለጋ አትንከራተቺ። አባትና እናትን መጠየቅ ይበልጣል።

የዳይፐሩ ቦታ ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እዚያ ቆዳው እርጥበት አያጣም፤ እጇም አይደርስበትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ችፌ ጉንጭን፣ የራስ ቆዳንና የእጅ እግርን ውጪ ይወዳል፤ ዳይፐር ሥር ብዙ አይገባም። ቀለበት ሠርቶ ዳር ዳሩ ብቻ የሚላጥ ቢሆን ጭርት ነው እልሽ ነበር። መዳፏና የእግሯ ሥር ላይ ሽፍታ ኖሮ እናንተም ሌሊት የምታኩ ብትሆኑ ደግሞ እከክ ነው፤ እሱ መላ ቤተሰቡ አንድ ላይ ካልታከመ አይለቅም። ያንቺን ሳነበው ግን የጤና ጣቢያው ሰው ልክ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላለሽው እህት፦ ሙቀቱ ለአንዳንዱ ልጅ ይስማማል፤ ያንቺ ልጅ እንኳን ተሻለው። ላብ ግን ራሱ ያሳክካል። ሚያዝያ ላይ እናንተ ጋ ወርደው ብሶባቸው ጣርማ በርን ተሻግረው የተመለሱ አውቃለሁ። ለዚህ ብላ ቤቷን አትልቀቅ።

የመንዝ ልጅ፦

ሲስተር የሳይንሱን ጨረሰችው። እኔ ስለ ባና ልናገር።

ሞላሌ ነኝ። እኛ ጋ ሕፃን ያለ ባና አይተኛም፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የኔ ልጅ ወሩን ጨርሶ ነው የተወለደው። ችፌው ግን አገጩ ሥርና ጉንጩ ላይ እየደጋገመ ይወጣ ነበር። ቅባት ስንቀባው ይጠፋል፣ ስናቆም ይመለሳል። አንድ የጤና ባለሙያ ቤታችን ለሌላ ጉዳይ መጥታ ልጁ ተኝቶ አየችው። ባናውን ገልጣ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችና "ይሄን አንተ ፊትህ ላይ አድርገህ ታድራለህ?" አለችኝ። አደረግኩት። ይዋጋል! የበግ ጠጉር ነዋ።

ባናውን አልጣልነውም፤ በምን ሊሞቀው? ሚስቴ ከሥር አሮጌ ነጠላ ደረበችበት። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀምቅማ ሰፋችበት፤ ፊቱን የሚነካው ጠርዙ ስለሆነ። ሌላው የኔ ሹራብ ነበር። ከሥራ ስገባ ብድግ አድርጌ ሳቅፈው ጉንጩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አሁን ጋቢ ደርቤ ነው የማቅፈው። አልዳነም፣ ግን ቀነሰለት። እናንተ ጋ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብሱም ብዙ ነው፣ ሱፍ የሌለበት ቤት የለም። አንገቷ አካባቢ ምን እንዳለ አንድ ጊዜ ዳብሺው።

አንዱ ደንበኛ፦

ሰዎች ለምን ታካብዳላችሁ? መድኃኒት ቤት ሄዳ ያን ሦስት በአንድ ቱቦ ትግዛ። ፈንገሱንም፣ ባክቴሪያውንም፣ ማሳከኩንም ያጠፋል። የወንድሜ ልጅ በሦስተኛው ቀን ፊቱ ጥርት አለ።

መድኃኒት ቤት የምውል፦

ወንድሜ፣ ጥርት ማለቱን አላጣሁትም። ጥርት ያደረገው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

እነዚያ ሦስት በአንድ ቱቦዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠትንና ማሳከክን የሚያረግብ መድኃኒት አለ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ካየህ እሱ ነው። ክሎቤታሶል ያሉት ለትልቅ ሰው ወፍራም ቆዳ የተሠሩ ናቸው፤ የሕፃን ፊት ላይ አይወጡም። ባዶ ቱቦ እያሳየ "ይሄንኑ ስጠኝ" የሚለኝ ሰው ቀን ሙሉ አይጠፋም። ማን እንዳዘዘለት ስጠይቅ ጎረቤቱ ነው። ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሩን ያወጣዋል፣ ሲቆም ደግሞ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ሕፃን ላይ ብዙ ቦታ ከተቀባ ወደ ሰውነትም ይገባል። ጭርት ከሆነ ደግሞ ስቴሮይዱ መልኩን ያጠፋዋል፤ ኋላ የቆዳ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

በሌላ በኩል ስቴሮይድ ሲባል የሚደነግጡ እናቶች አሉ። ታዝዞላቸው ወስደው ሳይቀቡ ልጁን ሲያሳክከው ያድራል። የጠባሴዋ እናት፣ የተጻፈልሽን ቱቦ ገልብጠሽ አንብቢ። ሃይድሮኮርቲዞን 1% ከሆነ ደካማው ነው፤ ለሕፃን ፊት የሚታዘዘው እሱ ነው። ያበጠው ወይም የሻከረው ቦታ ላይ ብቻ፣ በስሱ፣ ሐኪሙ ባለሽ ልክ ቀቢ። ቆዳው በእጅ ሲዳበስ ሲለሰልስ ታቆሚያለሽ። በዓይን አትመኚ። እኛ ቆዳ ላይ ችፌ አይቀላም፤ ይጠቁራል ወይም ግራጫ ይመስላል፣ እንደ ዝይ ቆዳ ችፍ ችፍ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያየው።

ሲድን ደግሞ ቦታው ነጣ ብሎ ይቀራል። "ለምጽ ነው!" ብላችሁ እንዳትሯሯጡ። ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። ምች የወጣበት ሰው ልጅቷን አይሳማት። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ማለቴ ነው። ዳማከሴ ቀብቶ ቢሆንም አይሳማት። የምቹ ቫይረስ ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ ካረፈ ባንዴ ይዛመታል። ድንገት ትንንሽ እኩል እኩል የሆኑ ውሃ ያዘሉ ወይም የተቦረቦሩ ቁስሎች ከወጡና ትኩሳት ካላት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከሠራም ማግስቱን አሳያት፤ ባክቴሪያ ገብቶበታል።

የጠባሴዋ እናት፦

እግዜር ይስጣችሁ። የሲስተርን መልስ ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ "ሰኔ ላይ በስላለች" የሚለው ጋ ሲደርስ እናቱን ጠራቸው። ሰምተው ሲያበቁ "እንግዲህ ሐኪም ካለ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

የዘሩን ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ባለቤቴ ሳይነስ አለበት፤ መስከረም አበባው ሲፈነዳ ቤት ውስጥ በማስነጠስ ነው የምንነቃው። እኔ ምንም የለብኝም። ይሄን እያወራን ሳለ አማቴ ከጓዳ ሆነው "እሱማ ልጅ እያለ ክንዱ መታጠፊያ ላይ እየላጠ፣ እኔው ነኝ በእጄ ጨርቅ የማስርለት። እኔም እኮ እስከ ዛሬ ጢስ አይስማማኝም" አሉ። ባለቤቴ አየኝ። እኔም አየሁት። ማንም ምንም አላለም። አስም እንዳለባቸው የታወቀ ነው፤ መንፊያቸው ትራስጌያቸው ነው የሚያድረው። እስከ ዛሬ ከችፌው ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም እንጂ።

ቱቦው ሃይድሮኮርቲዞን 1% ነው የሚለው። ባናም አለ፤ የመንዝ ልጅ እንዳልከው ጠርዙን ዳበስኩት። ዛሬውኑ ጨርቅ እሰፋበታለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ ሲስተር። ቅቤውን አልመለስሽልኝም። ደግሞ ምግብ ልጀምርላት ነው፤ እንቁላል ለችፌ መጥፎ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው? ስንት ወሯ እንደሆነ ራሱ ግራ ገብቶኛል። በተወለደችበት ስምንት ወር ሆናት።

የደብረ ሲናዋ ሲስተር፦

አማትሽ ደስ ይላሉ። አሁን በሳቸው ላይ እንዳትዞሪባቸው እንግዲህ፤ ዘር የሰጠ ሰው አይከሰስም።

ቅቤውን ምግብ ላይ አውሉት። የተላጠ ቆዳ ላይ አይሆንም። ለጋም ቢሆን ያልፈላ ነገር ነው፤ ቁስሉ ላይ ተዋህሲያን ሊያስገባ ይችላል። ሌላው ምክንያት ደግሞ፣ ምግብ የሆነ ነገር በአፍ ሳይሆን በተላጠ ቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት ያንን ምግብ በአለርጂ ሊይዘው ይችላል። የወይራ ዘይትም ይቅር፤ የቆዳውን መከላከያ ያላላዋል። የምትቀቢያት ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ነው። ርካሽ ነው፣ ያቃጥላል አይባልም። ማሰሮው ውስጥ እጅሽን እየነከርሽ አታውጪ፤ በንጹሕ ማንኪያ እየቀነስሽ ውሰጂ። ባይሆን በቀን ሁለቴ፣ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ከዚያም በላይ ቀቢያት። ፀሐይ ልታሞቂያት በረንዳ ስታወጫት ጉንጯን አስቀድመሽ ቀቢ። ጥር ላይ የናንተ ነፋስ የትልቅ ሰው ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የሷን ጉንጭ ምን ያድርገው?

"ገና ስትወለድ ጀምሬ ብቀባት ኖሮ" ብለሽ ደግሞ ሌላ ጸጸት እንዳታመጪ። እንግሊዞች ከ1,300 በላይ ሕፃናት ላይ ሞክረውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. 2020 ወጣ። ከተወለዱ ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቅባት የተቀቡትና ያልተቀቡት ላይ ችፌ እኩል ነው የወጣው። ቅባት አስቀድሞ አይከላከልም። ከወጣ በኋላ ግን የሕክምናው መሠረት እሱ ነው።

ገላዋን በለብታ ውሃ ነው የምታጥቢያት፤ በክርንሽ ስትነኪው የማይሞቅ የማይቀዘቅዝ። ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ሳሙና የሚያስፈልገው ለብብቷ፣ ለአንገቷ እጥፋትና ለመቀመጫዋ ነው፤ ሽታ ያለው አይሁን። ፎጣውን አትፈትጊ፣ እየጫንሽ አድርቂ። ወዲያው ቆዳዋ ትንሽ እርጥብ እንዳለ ቫዝሊኑን ቀቢ። እርጥበቱን ቆልፎ የሚያስቀረው እሱ ነው። ልብሷን በዱቄት ሳሙና የምታጥቢ ከሆነ ደጋግመሽ አለቅልቂ። ጠበል ብትወስጃት ማንም አይከለክልሽም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ይሁን፤ ስትመለሱ አድርቀሽ ቀቢያት። ጥፍሯን በየጊዜው ቁረጪ። ሌሊት እጇ ላይ የጥጥ ካልሲ ብታጠልቂላት ፊቷን ቢያንስ አትቦጭቀውም።

ዕድሜዋን ሁለት ቦታ ነው የምትቆጥሪው። ለክትባት ስምንት ወር ናት። ለዕድገቷ ደግሞ ቀድማ የመጣችበትን ዘጠኝ ሳምንት ትቀንሻለሽ፤ ስድስት ወር ግድም ትሆናለች። ስለዚህ ገና አልተቀመጠችም ብለሽ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዪያት። ምግብ መጀመሪያዋ አሁን ነው፤ አንገቷን ካጸናችና ምግብ ስታይ አፏን ከከፈተች ጀምሪላት። ጡቷ ይቀጥል።

እንቁላል ችፌ አያመጣም። ችፌ ያለባቸው ልጆች የምግብ አለርጂ ከሌላው ይበልጥ ይገኝባቸዋል፤ ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ለዚያ ነው። ድሮ እኛም "እንቁላል ዓመት ይሙላት" እያልን እንመልስ ነበር። አሁን ማዘግየቱ ራሱ አለርጂን እንደሚያበዛ ታውቋል። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል የሻይ ማንኪያ ጫፍ ያህል ገንፎዋ ውስጥ አድርገሽ ጠዋት ስጫት፤ ማታ አይሁን፣ ቀን እያየሻት እንድትውል። ከንፈሯ ካበጠ፣ ሰውነቷ ላይ እብጠት ካወጣ፣ ካስመለሳት ወይም ትንፋሿ ከታወከ አቁመሽ ውሰጃት። ምንም ካልሆነች በሚቀጥሉት ቀናት ትንሽ ትንሽ ጨምሪላት፤ ከዚያም እንዳታቋርጪው። ችፌዋ ግን እስከዚያ ድረስ በቅባት ካልረገበ፣ ሰውነቷን በሙሉ ከያዘ፣ እንቁላሉን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪሟን አማክሪ።

ዕድሜ ልክ ላልሽው፣ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በፊት ይቀልላል። ጥቂቶቹ ላይ እንደ አባቷ ወደ ክንድ መታጠፊያ ይዞራል። በሁለትና በሦስት ሳምንት በዚህ ካልተሻላት የሕፃናት ሐኪም ይያት። የቆዳ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ የምትወርጂ ከሆነ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የታወቀ ነው። ስትሄጂ የቀባሻትን ቱቦ ሁሉ ሰብስበሽ ያዢ፤ ያለቀውንም ጭምር።

የጠባሴዋ እናት፦

ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ዐቢይ ፆም እየገባ ነው። አማቴ እንቁላሉን ሲሰሙ "በፆም?" ማለታቸው አይቀርም።

የመንዝ ልጅ፦

እኔ ልመልስ። ሕፃን አይፆምም በያቸው። እሳቸውም ያውቁታል፤ ባለቤትሽንስ በፆም ምን እያበሉ አሳደጉት? ካላመኑሽ የንስሐ አባታችሁን ጥሪና ቡና ላይ ይጠይቋቸው። ብቻ እንቁላሉን የምትቀቅዪበት ድስት ለብቻው ይሁንላቸው።